ኮንቬክስ ሌንስ ብርሃንን እንዴት ይሰበስባል?

መግቢያ

በየቤታችን ዘወትር የምናየው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ሳንጠይቅ የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት ዓመት ያለፈ አባቶችና እናቶች በሚያነቡበት ጊዜ መጽሐፉን ከዓይናቸው እያራቁ መያዛቸው ነው። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን የእጃቸው ርዝመት አልበቃ ይላል። ያን ጊዜ «ዓይኔ ደከመ» ብለው መጽሐፉን አጥፈው ያስቀምጡታል። እናቶች ምስር ሲለቅሙ ጠጠሩ ያመልጣቸዋል፤ ልብስ ሰፊው ክሩን በመርፌ ቀዳዳ የሚያስገባለት ልጅ ይጠራል። እኛም «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል?» ብለን ዝም እንላለን።

ነገር ግን ብዙ ይደረጋል። የሚያስፈልገውም በአብዛኛው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ እርሱም ኮንቬክስ ሌንስ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሌንሱ ብርሃንን የሚያጥፍበትንና የሚሰበስብበትን ምክንያት፣ ቀጥሎ ዓይናችን በዚሁ ሕግ የሚሠራበትን ሁኔታ፣ በመጨረሻም እኛ ወጣቶች ይህን ዕውቀት በቤታችን እንዴት ልንጠቀምበት እንደምንችል እንመለከታለን።

1ኛ/ ስሙና ቅርጹ

«ሌንስ» የሚለው ቃል የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ ምስር ማለት ነው። ያልተከካ ድፍን ምስር በመዳፋችን ይዘን ብንመለከት ስሙ የተሰጠበት ምክንያት ወዲያው ይገባናል። መካከሉ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ስስ፣ ሁለቱም ፊቱ ወደ ውጭ ያበጠ ነው። እንደዚህ ያለ ቅርጽ ያለው ብርሃን አስተላላፊ መስተዋት ኮንቬክስ ሌንስ ይባላል። አጉሊ መነጽር የምንለውም ይኸው ነው። የዚህ ተቃራኒ የሆነው፣ መካከሉ ስስ፣ ዳሩ ወፍራም፣ ፊቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደው ደግሞ ኮንኬቭ ሌንስ ይባላል። የመጀመሪያው ብርሃንን ይሰበስባል፤ ሁለተኛው ይበትናል።

2ኛ/ ብርሃን ለምን ይታጠፋል?

ብርሃን በባዶ ቦታ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በአየር ውስጥም ፍጥነቱ ከዚህ እምብዛም አይለይም። ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር፣ ተራ መስተዋት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይቀንሳል። የመታጠፉ ምክንያት ይህ የፍጥነት ለውጥ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ለጥምቀት በዓል መዘምራን ጎን ለጎን እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ ረጅም መስመር በደረቅ ሜዳ ላይ ይጓዛሉ እንበል። ከፊታቸው ጭቃ አለ፤ የጭቃው ዳር ግን ወደ እነርሱ ሰያፍ ነው። በቀኝ በኩል ያሉት ቀድመው ጭቃው ውስጥ ይገቡና እርምጃቸው ይዘገያል፤ በግራ በኩል ያሉት ግን ገና በደረቁ መሬት ላይ በፊተኛው ፍጥነታቸው ይጓዛሉ። እጃቸው የተያያዘ ስለሆነ መስመሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ይዞራል። ማንም «ዙሩ» ብሎ አላዘዛቸውም፤ ያዞራቸው የፍጥነታቸው ልዩነት ብቻ ነው። የጭቃው ዳር ከፊታቸው ቀጥ ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገቡ ስለነበር እርምጃቸው ይዘገይ እንጂ አቅጣጫቸው አይለወጥም ነበር።

ብርሃንም እንደዚሁ ነው። በመስተዋት ፊት ላይ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ ሳይታጠፍ ያልፋል፤ በሰያፍ ሲያርፍ ግን ይታጠፋል። ይህ መታጠፍ የብርሃን ስብረት ይባላል። በብርጭቆ ውኃ ውስጥ የቆመ እርሳስ የተሰበረ መስሎ የሚታየን በዚህ ምክንያት ነው።

3ኛ/ ጨረሮች በአንድ ነጥብ የሚገናኙት ለምንድን ነው?

አሁን ደግሞ ጭቃው የምስር ቅርጽ አለው እንበል፤ በመካከሉ ወርዱ ሰፊ፣ በዳርና በዳር ግን ጠባብ ነው። መዘምራኑ ቀጥ ባለ መስመር መጥተው ይሻገሩታል። በመስመሩ መካከል ያሉት ብዙ ጭቃ ስለሚያቋርጡ ይዘገያሉ፤ በዳር ያሉት ጥቂት ጭቃ ብቻ ስለሚያልፉ ቀድመው ይወጣሉ። ስለዚህ መስመሩ ከጭቃው ሲወጣ ቀጥ ያለ አይሆንም፤ መካከሉ ወደ ኋላ ቀርቶ ሁለቱ ጫፎች ወደ ፊት ቀድመው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መዘምር ፊቱ ወደ ዞረበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ቢሄድ፣ በቀኝ ያለው ወደ ግራ፣ በግራ ያለው ወደ ቀኝ ያመራና ሁሉም በአንድ ቦታ ይገናኛሉ።

ኮንቬክስ ሌንስ ብርሃንን የሚሰበስበው በዚህ ዓይነት ነው። በትክክል የተሠራ ሌንስ ከሆነ ጨረሮቹ ወደ መገናኛው የሚደርሱትም እኩል ጊዜ ወስደው ነው። በዳር የሚያልፈው ጨረር ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ነገር ግን የሚያቋርጠው መስተዋት ስስ ነው። በመካከል የሚያልፈው ጨረር መንገዱ አጭር ነው፤ ነገር ግን ወፍራሙን መስተዋት ያቋርጣል። የአንዱ ርቀት በሌላው መዘግየት ይካካሳል።

ከሩቅ የሚመጡ ትይዩ ጨረሮች የሚገናኙበት ነጥብ የትኩረት ነጥብ ወይም ፎከስ ይባላል። ከሌንሱ መካከል እስከዚህ ነጥብ ያለው ርቀት ደግሞ የትኩረት ርቀት ይባላል። ሌንሱ ይበልጥ ባበጠ ቁጥር ብርሃንን ይበልጥ ስለሚያጥፍ የትኩረት ርቀቱ ያጥራል።

እዚህ ላይ በሚገባ ልንገነዘበው የሚገባ ነገር አለ። ሌንስ ከራሱ ምንም ብርሃን አይጨምርም። የትኩረት ርቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጉሊ መነጽር የፀሐይን ብርሃን ሲሰበስብ ወርዱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ክብ ነጥብ ይሠራል። ይህች ነጥብ የፀሐይ ምስል ናት። በ50 ሚሊ ሜትር ወርድ ላይ ያረፈው ብርሃን በ2 ሚሊ ሜትር ወርድ ላይ ሲከማች፣ 50 ለ2 ሲካፈል 25 ነው፤ 25 በ25 ሲባዛ 625 ይሆናል። በመስተዋቱ የሚባክነው ጥቂት ብርሃን ሳይቆጠር፣ በነጥቧ ላይ ያለው ብርሃን 625 ጊዜ ያህል ይበረታል ማለት ነው። ደረቅ ሣር የሚቃጠለው በዚህ ነው። ቀድሞ ተበትኖ የነበረው ብርሃን ተሰበሰበ እንጂ አዲስ ብርሃን አልተፈጠረም።

4ኛ/ ምስል እንዴት ይፈጠራል?

ከአንድ ዛፍ እያንዳንዱ ቅጠል ብርሃን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ከአንዲት ቅጠል ተነሥተው ሌንሱ ላይ ያረፉት ጨረሮች ሁሉ ከሌንሱ በስተጀርባ እንደገና በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። የእያንዳንዱ ቅጠል ብርሃን በየነጥቡ ሲገናኝ የዛፉ ምስል ይፈጠራል። ከዛፉ ጫፍ የመጣው ብርሃን ከታች፣ ከግንዱ የመጣው ደግሞ ከላይ ስለሚያርፍ ምስሉ የተገለበጠ ይሆናል።

ምስሉ የሚያርፍበትን ቦታ ለማወቅ የሚረዳን ሕግ የሚከተለው ነው፦ 1 ለትኩረት ርቀት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ 1 ለዕቃው ርቀት እና 1 ለምስሉ ርቀት ተካፍለው ሲደመሩ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። የትኩረት ርቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሌንስ፦

ሀ/ ዕቃው በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢቀመጥ ምስሉ በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል፤ መጠኑም ግማሽ ነው።
ለ/ ዕቃው በ40 ቢቀመጥ ምስሉም በ40 ይሆናል፤ መጠኑ እኩል ነው።
ሐ/ ዕቃው በ30 ቢቀመጥ ምስሉ በ60 ይሆናል፤ መጠኑ እጥፍ ነው።
መ/ ዕቃው በትኩረት ነጥቡ ላይ፣ ማለት በ20 ላይ ቢቀመጥ ጨረሮቹ ትይዩ ሆነው ይወጣሉ፤ የትም አይገናኙም።
ሠ/ ዕቃው ከትኩረት ነጥቡ ቀርቦ በ10 ላይ ቢቀመጥ ምስሉ በወረቀት ላይ አያርፍም። በሌንሱ ውስጥ ስንመለከት ግን ዕቃው ሳይገለበጥ፣ እጥፍ ሆኖ፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ መስሎ ይታየናል።

በመጨረሻ ያየነው ሁኔታ ለመነጽር ቁልፍ ስለሆነ በልባችን እንያዘው። ሌንሱ ቅርብ ያለውን ዕቃ ራቅ ብሎ እንዳለ አድርጎ ያሳየናል።

አንድ ጥያቄ እናክል። የሌንሱን ግማሽ በወረቀት ብንሸፍነው ምስሉ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው ግማሹ ይጠፋል ይላል። ይሁን እንጂ ምስሉ በሙሉ አለ፤ የሚቀንሰው ድምቀቱ ብቻ ነው። ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ቅጠል የሚመጣው ብርሃን በሌንሱ ሁሉ ላይ ስለሚያርፍ፣ የቀረው ግማሽ ሌንስ ብቻውን ዛፉን በሙሉ ሊሥል ይችላል።

5ኛ/ ዓይናችን

በጥንት ዘመን ከነበሩ ሊቃውንት ብዙዎቹ ዓይን ራሱ ጨረር ልኮ ዕቃውን እንደሚዳስስ ያስቡ ነበር። በባስራ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ኢብን አል ሀይሰም በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ብርሃን በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ፣ የምናየው ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይናችን ሲመጣ እንደሆነ አስረዳ። ዮሐንስ ኬፕለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1604 ምስሉ የሚሣለው በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ይኸውም ሬቲና በሚባለው ላይ ተገልብጦ እንደሆነ ገለጸ። የተገለበጠውን አቃንቶ የሚረዳልን አእምሮአችን ነው።

የሌንስ ጉልበት የሚለካው ዳዮፕተር በሚባል መለኪያ ነው። ይህም 1 ለትኩረት ርቀቱ በሜትር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የዓይናችን ጠቅላላ ጉልበት 60 ዳዮፕተር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን የሚሠራው ኮርኒያ የተባለው የፊተኛው ንጹሕ ሽፋን ሲሆን፣ የቀረውን የሚሠራው በስተኋላው ያለው የዓይን ሌንስ ነው። ይህ ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ነው። ቅርብ ስንመለከት በዙሪያው ያለው ጡንቻ እንዲያብጥ ያደርገውና ጉልበቱ ይጨምራል፤ ሩቅ ስንመለከት ይሳሳል። ስለዚህ ልጅ መጽሐፉን እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አቅርቦ ሊያነብ ይችላል።

ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ግን ሌንሱ እየጠነከረ ይሄዳል። ከአርባ እስከ አርባ አምስት ዓመት አካባቢ ለቅርብ ንባብ የሚበቃ ማበጥ አይችልም። ከመጽሐፉ የሚመጡት ጨረሮች ሬቲና ላይ ሳይገናኙ ይቀራሉ፤ ፊደሉም ይደበዝዛል። አባቶቻችን መጽሐፉን የሚያርቁት ለዚህ ነው። ዓይናቸው ታሞ አይደለም፤ የጎደለችው ጥቂት ማበጥ ናት።

ይህን በቁጥር እናስላው። አንድ አዛውንት አጥርተው የሚያዩት ከ1 ሜትር ጀምሮ ነው እንበል። ማንበብ የሚፈልጉት ግን በ33 ሴንቲ ሜትር ርቀት ነው። 1 ሜትር ለ33 ሴንቲ ሜትር ሲካፈል 3 ያህል ነው፤ 1 ሜትር ለ1 ሜትር ሲካፈል 1 ነው። 3 ሲቀነስ 1፣ 2 ይሆናል። የሚያስፈልጋቸው መነጽር 2 ዳዮፕተር ነው። ያ ኮንቬክስ ሌንስ በ33 ሴንቲ ሜትር ያለውን ፊደል በ1 ሜትር ላይ ያለ አስመስሎ ያሳያቸዋል፤ እርሳቸውም አጥርተው ያነቡታል።

6ኛ/ የመነጽር ታሪክና ጥቅም

የንባብ መነጽር የተፈለሰፈው በጣልያን አገር እ.ኤ.አ. በ1286 አካባቢ ነው። ሠዓሊው ቶማሶ ዳ ሞዴና እ.ኤ.አ. በ1352 በትሬቪዞ ከተማ በሣላቸው ሥዕሎች ላይ አንድ ካርዲናል መነጽር አድርገው ሲጽፉ ይታያሉ። እንግዲህ መነጽር ከ700 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነገር ነው። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ የቅርብ እይታቸው በዕድሜ ምክንያት ደክሞ ተገቢውን መነጽር ያላገኙ 826 ሚሊዮን ሰዎች በዓለም ላይ እንዳሉ ገልጿል።

ጉዳዩ የንባብ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት በሕንድ አገር በአሳም ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ 751 ሻይ ለቃሚዎች በሁለት ወገን ተከፈሉ። ለአንዱ ወገን የንባብ መነጽር ወዲያው ተሰጠ፤ ለሌላው ጥናቱ ካለቀ በኋላ ተሰጠ። መነጽር ያገኙት በቀን የሚለቅሙት ቅጠል ካላገኙት ይልቅ ወደ 22 በመቶ በበለጠ ጨመረ። ምስር የምትለቅመው እናትና ልብስ ሰፊውም ከዚህ የተለዩ አይደሉም።

በየሰፈሩ «መነጽር ዓይን ያሰንፋል፤ አንዴ ካደረጉት አይለቅም» ሲባል እንሰማለን። እውነቱ እንደዚህ ነው፦ መነጽር ቢደረግም ባይደረግም የዓይን ሌንስ በዕድሜ መጠንከሩ አይቀርም። ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ ጠንከር ያለ መነጽር ማስፈለጉ የዕድሜ ነው እንጂ የመነጽሩ ጥፋት አይደለም። በዚህ አባባል ምክንያት ንባብን የተዉ አዛውንት ያለ ምክንያት ተጎድተዋል።

7ኛ/ ሌንሱ ራሱ ሲደፈርስ

መነጽር የማይፈታው ችግርም አለ። የዓይን ሌንስ ንጽሕናው ጠፍቶ ሲደፈርስ የዓይን ሞራ ይባላል። ያን ጊዜ ብርሃኑ ሬቲና ላይ ከመሰብሰብ ይልቅ በደፈረሰው ሌንስ ውስጥ ይበተናል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ምክንያት ነው። ይህ ዓይነ ስውርነት በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና የሚመለስ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሀሮልድ ሪድሊ በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎችን ሲመረምር ዓይናቸው ፕላስቲኩን እንዳልተቃወመው ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1949 በለንደን ከተመሳሳይ ፕላስቲክ የተሠራ ትንሽ ሌንስ በደፈረሰው ሌንስ ምትክ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚደረገው የዓይን ሞራ ሕክምና ከዚህ የተገኘ ነው።

8ኛ/ ጥንቃቄ

ሀ/ በሌንስም ሆነ ያለ ሌንስ ፀሐይን ፈጽሞ አንመልከት። ዓይናችን ራሱ ኮንቬክስ ሌንስ ስላለው የፀሐይን ብርሃን ሬቲና ላይ ይሰበስባል። ሬቲና ሕመም የሚሰማው ስላልሆነ ጉዳቱ ሲደርስ አይታወቅም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ በታየው ዓይነት የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ለዚሁ የተሠራ መከላከያ ሳይኖር መመልከት አይገባም።

ለ/ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ከሩቅ ማየት ለተሳነው ተማሪ የአያቱን መነጽር አንስጠው። እርሱ በአብዛኛው የሚያስፈልገው ኮንኬቭ ሌንስ ነው።

ሐ/ እይታው በድንገት የቀነሰ፣ ዓይኑ የቀላ ወይም የሚያመው ሰው መነጽር ከመግዛቱ በፊት ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ።

9ኛ/ በተግባር እንሥራ

የንባብ መነጽር ያላቸውን አባት ወይም እናት አስፈቅደን መነጽሩን እንዋስ። ከመስኮት ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ነጭ ወረቀት እንለጥፍ። አንዱን ሌንስ በወረቀቱና በመስኮቱ መካከል ይዘን፣ በውጭ ያለው የሩቅ ዛፍ ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ጥርት ብሎ እስኪታይ ድረስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እናንቀሳቅሰው። ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት በማስመሪያ እንለካ። 100 ለዚህ ርቀት በሴንቲ ሜትር ስናካፍለው የመነጽሩን ጉልበት እናገኛለን። ርቀቱ 50 ከሆነ 2 ዳዮፕተር፣ 40 ከሆነ 2.5፣ 33 ከሆነ 3 ያህል ነው። ጉልበቱን በወረቀት ጽፈን ከመነጽሩ ጋር ብንሰጣቸው፣ መነጽሩ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ምን ዓይነት እንደነበረ ለሐኪሙ ለመንገር ይረዳቸዋል።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከዚህ ትምህርት የምንረዳው፣ ኮንቬክስ ሌንስ የተበተነውን ብርሃን እያንዳንዱን ጨረር በሚገባው መጠን አጥፎ ወደ አንድ ቦታ ማድረሱን ነው። ዓይናችንም የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ማበጥ ሲያቅተው ደግሞ ከውጭ በሚጨመር ሌንስ ይረዳል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን በቤታችን ወይም በጎረቤታችን መጽሐፉን አጥፈው ያስቀመጡ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ካሉ እንጠይቃቸው፤ ወደ ዓይን ሐኪምም ይዘናቸው እንሂድ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1ኛ/ የትኩረት ርቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሌንስ ስንት ዳዮፕተር ነው?
2ኛ/ የትኩረት ርቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሌንስ ፊት ዕቃው በ100 ሴንቲ ሜትር ቢቀመጥ ምስሉ የት ያርፋል?
3ኛ/ ከ50 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ አጥርተው የሚያዩ እናት በ33 ሴንቲ ሜትር ለማንበብ ስንት ዳዮፕተር ያስፈልጋቸዋል?

መልስ፦ 1ኛ/ 4 ዳዮፕተር፤ 2ኛ/ በ25 ሴንቲ ሜትር፤ 3ኛ/ 1 ዳዮፕተር።